ምስክር ያጣ ስም

የአገራችንን ስም አልጠራላችሁም። ልደብቃችሁ ብዬ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ስም በባዶ ሜዳ አይጠራም። ስም ምስክር ይፈልጋል። ይህን ወግ ሳላስረዳችሁ የአንጓችን ነገር ብጀምረው ደግሞ ሴትዮዋ ያበደች ትመስላችኋለች፤ እሷ ግን ከሁላችንም የተሻለች ጤነኛ ነበረች።

እኛ አገር ሕፃን ሲወለድ ስም የሚያወጣለት ከቤተ ዘመዱ በዕድሜ የገፋው ሰው ነው። ያወጣል እንጂ አይናገርም። ስሙን በሆዱ ይዞ፣ ከወላጆቹና ከሕፃኑ ጋር ጫካው ዳር ሄዶ ይቀመጣል። ድኩላም ይሁን ሚዳቋ፣ ጉሬዛም ይሁን ከርከሮ፣ አንድ የዱር እንስሳ በገዛ መንገዱ በፊታቸው ሲያልፍ ሽማግሌው ብድግ ይልና ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። ልጁ ያን ጊዜ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ወንዱ «እንግዳው»፣ ሴቷ «እንግዳዋ» ናቸው። እንግዳ ቢሞት አይለቀስለትም። ሙሾ የሚወርደው በስም ነዋ፤ ስም የሌለውን ምን ብለው ያለቅሱለታል? ሽማግሌው በሆዱ የያዘውም ስም ከእንግዳው ጋር ይቀበራል እንጂ አይነገርም። ሰዎች «እንግዳው ሄደ» ብለው አፈር ይመልሱና ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ጨካኞች ሆነን አይምሰላችሁ። በድሮው ጊዜ እንግዳ ሆኖ የሚሞት ልጅ አልነበረም፤ ምስክሩ ዛሬ ቢቀር ነገ አይቀርም ነበር።

ምስክርነቱም ደንብ አለው። የሰው ፍርፋሪ የቀመሰ አውሬ አይመሰክርም። ስለዚህ ጅብ፣ ጦጣ፣ አይጥና ቁራ አይቆጠሩም። አባቶቻችን ይህን ሲደነግጉ ጉቦ የበላ ምስክር አይታመንም ማለታቸው ይመስለኛል፤ ስለ ሰውም አስበው እንደሆነ አላውቅም።

በዚያ ዘመን ሁላችንም የምንኖረው በሸለቆው ውስጥ፣ ክዳን ለክዳን በተጠጋጋ አንድ መንደር ነበር። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከመኝታችን ሳንነሳ «ይማርህ» እንላለን። መንደሩ ሲያልቅ ጫካው ይጀምራል። ከብት እዚያ አይሰማራም፣ ውሻም አይከተለንም። ወደ ጫካው የምንሄደው ለስም፣ ለማርና ለመድኃኒት ብቻ ነበር፤ ያገኘነውን ይዘን ደግሞ ሳይመሽ እንመለሳለን።

አንጓች የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ መውለጃዋ ክረምት ላይ እንደሚውል ተቆጠረ። ባሏ ደምለው ትዳሩን የሚወድ፣ እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከእርሻ ተመልሶ እንዲህ አላት፦

«አራስ ይዘን ጭቃ ለጭቃ ከምንከራተት፣ ለምን እዚያው ጫካው ውስጥ ጎጆ አልቀልስም? ምስክሩ ራሱ ደጃችን ይመጣል።»

«አውሬው አይሸሸንም?»

«አንድ ጎጆ ምን ያሸሸዋል? ጫካው እንደሆነ ስፍር የለውም።»

እውነቱን ነበር። አንድ ጎጆ ማንንም አላሸሸም። አንጓች በወለደች በማግስቱ ድኩላ ከበራቸው ፊት ካለው ምንጭ ውሃ ሊጠጣ መጣ። አብሯቸው የሚኖረው የአንጓች አባት አያ ልመንህ ከመድረኩ ላይ ሳይወርድ «አውላቸው!» ብሎ ተጣራ። ድኩላው ቀና ብሎ አየው፤ ውሃውን ጨርሶ በዝግታ ሄደ። አንጓች ከአልጋዋ ሳትነሳ ልጇ ስም አገኘ። እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ታይቶ አይታወቅም ነበርና ወሬው ሸለቆውን አዳረሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ብልህ መሆን አያስፈልግም። ነፍሰ ጡር ያለው ሁሉ ተነሣ። ነፍሰ ጡር የሌለው ወደፊት ትኖረኛለች ብሎ ተነሣ። ሁሉም በየልቡ «አንድ ጎጆ ምን ያደርጋል?» አለ፤ ሁሉም ልክ ነበር። ሸንጎውም ነገሩ ሥርዓት ይያዝ ብሎ «የምስክር ሹም» የሚባል ሰው ሾመ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። አውሬ ሲወድ ለጉድ ነው፤ ስለ ሚዳቋ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ሰውን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

«ወገኖቼ፣ በአንድ ቦታ ብትሰፍሩ አውሬው ይደነግጣል። ስለዚህ ተበተኑ። አንዱ የሌላውን የሙቀጫ ድምፅ በማይሰማበት ርቀት ይቀመጥ። ያለ ቤት የሚቀር የጫካ ጥግ እንዳይኖር፤ አውሬ ሰውን የሚለምደው በጥቂት በጥቂቱ ነው።»

ተጨበጨበለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ንግግሩ ያምር ነበር።

እናም ተበተንን። ማንም ጫካውን አልቆረጠም፣ ይህን በማናቸውም ዳኛ ፊት እመሰክራለሁ። እያንዳንዱ ሰው የቆረጠው በቤቱ ዙሪያ ያለውን ብቻ ነው፤ እሱም ለምስክሩ ሲል ነው፣ አውሬው ሲያልፍ በደንብ እንዲታይ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት መንገድ አስፈለገ። ጅብን የሚከለክል ውሻ፣ አይጥን የምታጠፋ ድመት፣ ላሟ እንዳትጠፋ አጥር አስፈለገ። ለአጥሩም ከሩቅ ገበያ የመጣ ባለቀይ አበባ ቁጥቋጦ ተገኘ፤ ቶሎ ይበቅላል፣ ከብት አይበላውም፣ አበባውም ዓመት እስከ ዓመት አይረግፍም። ያልተከለ ሰው አልነበረም። ቁጥቋጦው ግን በአጥርነቱ አልረካም፤ ዘሩን ወፍ እየበተነው ወደ ዛፎቹ ሥር ገባ። በጥላ የሚበቅለውን ቅጠል ሁሉ ሸፍኖ ራሱ ብቻ ቀረ። እኛም ጫካው አበበ ብለን ደስ አለን።

አያ ልመንህ ብቻ ደስ አላለውም። አንድ ቀን ሹሙ በዚያ ሲያልፍ ከደጁ ላይ ተጣራ።

«ልጄ፣ ዳር ሲነካ መሃል ዳር ይሆናል ሲባል አልሰማህም?»

«አያ ልመንህ፣ ዳሩን ማን ነካው?» አለ ሹሙ፣ እውነትም ገርሞት። «ዳሩማ እንዳለ ነው። ሰው ሁሉ እኮ የገባው መሃል ነው!»

እንዲህ ላለ ክርክር መልስ ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ ድኩላ ቀረ። ቀጥሎ ሚዳቋ። ከርከሮ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ እሱም ሄደ። ጉሬዛ ግን መሄድ አልቻለም። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ እንጂ መሬት ረግጦ መንገድ አይሄድም፤ የእኛ መንገድና ገላጣ ደግሞ ዛፉን ከዛፍ ለያይቶታል። ጉሬዛዎቹ ከደምለው ቤት ጀርባ ባሉ ጥቂት ዝግባዎች ላይ ታግተው ቀሩ። ሕፃን ያላቸው ሁሉ ከዛፎቹ ሥር እየተሰለፉ ይቀመጡ ጀመር። ክርክርም ተነሣ፤ ምስክር ማለት የሚያልፍ ነው፣ እነዚህ ወዴት ያልፋሉ? ሹሙ አስቦ አስቦ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ መሻገርም ማለፍ ነው ሲል ወሰነ። ጥቂት ልጆች በዚህ ውሳኔ ስም አገኙ። ጉሬዛዎቹ ቅጠሉን ጨረሱ፣ ከሱ። አንድ ጠዋት መሪያቸው ነጭ ካባውን እየጎተተ ወደ መሬት ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ውሾቹ እንደ ውሻ ሆኑ። ያን ቀን ሹሙ ምርር ብሎ አለቀሰ፣ ለጉሬዛዎቹም መታሰቢያ የሚሆን ሌላ ቤት እዚያው ቦታ እንዲሠራ አዘዘ።

አንጓች ሴት ልጇን የወለደችው ከዚህ በኋላ ነው።

አያ ልመንህ ሕፃኗን ተቀብሎ ፊቷን አየና ሳቀ። ስም ሲያወጣ ስቆ አያውቅም ነበር። አንጓች ይህን አይታ ልቧ ተንጠለጠለ።

«አባዬ፣ ያምራል?»

«ያምራል።»

«የእናቴ ስም ነው እንዴ?»

«ዝም በይ ልጄ። ከአፌ ታስወጪብኛለሽ።»

በየጠዋቱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ አንጓች ሕፃኗን ታቅፋ፣ አባቷ ስሙን ይዞ። ገላጣው ሰፊ ነበር፤ በዚያ ላይ አንዲት ጥንቸል ብታልፍ ትታያለች። የሚመጡት ግን ቁራዎችና ጦጣዎች ነበሩ፤ በጫካው ዘመን ከነበሩት ይልቅ በዝተውና ወፍረው። ጦጣዋ ከማጀት በቆሎ ሰርቃ ከፊታቸው ቁጭ ብላ ትፈለፍላለች። አያ ልመንህ ያያትና «ጉቦኛ!» ይላታል። ክረምት ሄደ፣ በጋ መጣ። እንግዳዋ ዳዴ አለች፣ ቆመች፣ ተራመደች። የምትወደው ነገር የአያቷን ከንፈር በጣቷ መክፈት ነበር። እሱም አፉን ግጥም አድርጎ ዓይኑን ያፈጥላትና በሳቅ ይገድላታል። አንጓች ይህን ባየች ቁጥር «ክፈችው የኔ እናት፣ እዚያ ውስጥ ነው ያለው» ትላታለች። እየቀለደች ነው፤ ነገር ግን እየቀለደች አልነበረም።

እሷ ብቻ አይደለችም። በየቤቱ ስም የሌላቸው ልጆች ተቆጥረው አያልቁም። በገበያ ቀን አንዷ እናት «እንግዳዬ!» ብላ ስትጠራ የገበያው ልጅ ግማሹ ዞሮ ያያታል።

ሹሙ ዝም አላለም። ደንብ አስከባሪው ቢተው የድኩላ ቆዳ ለብሶ በየቤቱ ደጅ እንዲያልፍ አደረገ። ቢተው ታዛዥ ልጅ ነው፤ ጉልበቱ እየተላጠ ገላጣ ለገላጣ በአራት እግሩ ዞረ። ብዙ ሽማግሌዎች ወደ ሰማይ እያዩ ስም ጠሩ። ከአንጓች ደጅ ሲደርስ ግን አያ ልመንህ ከመቀመጫው አልተነሣም።

«ቢተው፣ እናትህ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ አያ ልመንህ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ድኩላው፣ ከቆዳው ሥር።

«ሰላም በልልኝ።»

ቢተው አለፈ። አንጓች ተንበረከከች። «አባዬ፣ በሞትኩት! ቢተውም ቢሆን ጥራት! ሰው ሁሉ ጠርቷል እኮ።»

«ልጄ፣ ውሸት የመሰከረለት ስም ከልጁ ላይ አይቆምም። ሲያድጉ ታያለሽ።»

«ስታድግ ማየት ነው የምፈልገው እኔ!» አለችና ተነሣች። ያን ቀን ምሳውን አስቀምጣለት ሳታናግረው ወጣች፤ እሱም ሳይነካው ዋለ።

ደምለው ሌላ ነገር ሰማ። ከጋራው ወዲያ፣ በሌላው አገር፣ ያልተነካ ጫካ አለ ተባለ። አንጓች ልጇን አዘለች፣ አያ ልመንህ ምርኩዙን ያዘ፣ ወጡ። በየቤቱ ያለው ውሻ እየጮኸ እስከ አጥሩ ይሸኛቸዋል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ይረከባቸዋል። እስከ ጋራው ወገብ ድረስ አንድም ጊዜ ጩኸት አልተቋረጠባቸውም። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ከማዶ የሚመጡ ሰዎች አገኙ፤ ባልና ሚስት ሕፃን የያዙ፣ አንዲትም አሮጊት። ሰላምታ ተሰጣጡ።

«ወዴት ናችሁ?» አለ ደምለው።

«ወደ እናንተ ነው» አለ ሰውየው ፊቱ በርቶ። «ከጋራው ወዲያ ያልተነካ ጫካ አለ አሉን። ድኩላው እንደ በግ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?»

አሮጊቷ የአያ ልመንህን ፊት አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱም በሆዳቸው ስም ይዘው፣ ጎን ለጎን ቁልቁል አዩ፤ በዚያም በኩል በዚህም በኩል ጭስ እዚህም እዚያም፣ አንዱ የሌላውን ሙቀጫ በማይሰማበት ርቀት።

ሁለቱ እናቶች አንዷ የሌላዋን ልጅ ተመለከተች።

«እንግዳ ናት?»

«እንግዳ ናት። ያንቺስ?»

«እንግዳ ነው።»

አንጓች ከስንቋ ቆሎ ዘገነችላት። ያቺም ተቀብላ ግማሹን ለእንግዳዋ በእጇ አጎረሰቻት። ከዚያ ሁሉም በመጡበት ተመለሱ። የሰዎቹን ስም አልጠየቅኋቸውም ስትል አንጓች በኋላ ነገረችኝ፤ ስም መጠየቅ የሚያስነውር ነገር መስሎ ተሰማት።

በተመለሱ በጥቂት ቀን ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ድሮ ለእንዲህ ያለ ትኩሳት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል መራራ ቅጠል ነበር፤ ጨምቀው ሲያጠጡት ያልበዋል፣ ትኩሳቱም ይለቀዋል። ደምለው ሊፈልገው ወጣ። ቅጠሉ ይገኝበት የነበረው ቦታ ሁሉ ባለቀይ አበባው ቁጥቋጦ ነበር። ክንዱ በእሾህ ተቧጭሮ ደም በደም ሆኖ ተመለሰና ደጁ ላይ ቆመ። አንጓች እጁን አየች፤ ባዶ መሆኑን አየች፤ ወደ ልጇ ዞረች።

«አባዬ» አለች ሳትጮኽ፣ «አሁን ጥራት። ስትሄድ ስሟን ሰምታ ትሂድ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«ልጄ፣ ያለ ምስክር ብጠራው ስሙ ይበላሻል። ነገ ጠዋት አንድ ሚዳቋ ቢመጣ ምን ይዤ ልቁም? ተስፋዋን በአፌ ላጥፋው?»

«አይመጣም።»

«ሊመጣ ይችላል።»

ደምለው ያን ዕለት የራሱን ቤት አጥር ነቅሎ ጣለ። ውሻውን ወደ ሸለቆው ወስዶ ለዘመድ ሰጠ። ጎረቤቶቹን ለዛሬ ብቻ ውሾቻችሁን እሰሩልኝ ብሎ ከደጅ ደጅ እየተንከራተተ ለመነ፤ እኔ ደጅም ደርሷል። አንዳንዶቻችን አሰርን። አያ ልመንህ ደጁ ላይ ተቀምጦ፣ ምርኩዙን ተደግፎ፣ ዓይኑን ከገላጣው ላይ ሳይነቅል ጠበቀ። ልጅቷ በእናቷ ጭን ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደች። በገላጣው ላይ ምንም አላለፈም።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ሁላችንም የተለመደውን አደረግን፤ አፈሩን መለስን፣ «እንግዳዋ ሄደች» አልን፣ ዶማና አካፋችንን አነሳን። አንጓች ግን ከአፈሩ ላይ አልተነሣችም። ፀጉሯን ፈታች። ሴቶች ሊያነሷት ቀረቡ፣ ገፋቻቸው። ከዚያ በሙሾ ድምፅ፣ ረዘም አድርጋ፣ ተጣራች።

«ይመናሹ!»

ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት፣ ሳታስብ፣ «አቤት» አለች። የእሷ ስም ነበር።

«ጠጂቱ! ጠጂቱ ልጄ!»

ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ያን ጊዜ ገባን። የምታውቀውን የሴት ስም ሁሉ እየጠራች ነበር፤ አንዱ የልጇ ይሆናል ብላ። የእናቷን ጠራች፣ የአክስቶቿን ጠራች፣ የጎረቤቶቿን ጠራች። ማንጠግቦሽ አለች፣ ውድነሽ አለች፣ ሻሺቱ አለች፣ ጥሩወርቅ አለች። ስሟ የተጠራ ሴት ሁሉ ዶማዋን ጥላ ከአፈሩ ዳር ትቀመጥና ታለቅሳለች። ሹሙ እንግዳ አይለቀስለትም ሊል ወደ ፊት ራመድ አለ፤ ሆኖም በሕይወት ያለች ሴት ስም መጥራትን የሚከለክል ደንብ እንደሌለ ትዝ ብሎት መሰለኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

አንጓች አንድ ስም በጠራች ቁጥር ቀና እያለች የአባቷን ፊት ታያለች። ስሙን አይነግራትም፣ ያንን ታውቃለች። ስሙ ሲጠራ ግን ፊቱ ይነግረኛል ብላ ነው። እኛም ሁላችን የእሱን ፊት እናይ ነበር። ነገር ግን አያ ልመንህ ከመጀመሪያው ስም ጀምሮ ያለቅስ ስለነበር፣ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻልንም።